ሰሌዳው የማያነበው

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ የሚጠያየቁት ቁጥር ነው። «ስንት አደርሽ?» ይባላል። «ዜሮ፣ አልሐምዱሊላህ» ይመለሳል፤ ወይም «ሁለት፣ ጥርሴን ነው»፤ ወይም «ስድስት፣ ትናንት ከመሰላል ወድቄ።» ስድስት ላለ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይለቀቅለታል። ሰባት ያለ ሥራ አይገባም፤ መድኃኒት ቤትም ምንም ሳይጠይቀው ያስተናግደዋል። ዜሮ ያለ ይቆማል። ሕመምን በቁጥር የሚያነበው ሰሌዳ ከገባ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ወጣቶቹ «አሞኛል» የሚለውን ቃል የሚሰሙት ከአያቶቻቸው አፍ ብቻ ነው።

ሰሌዳ በየቤቱ በር ላይ አለ፤ በየትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው መግቢያም አለ። መዳፍ ይጫንበታል፣ ቁጥር ይወጣል። በየሕንፃው የጽዳት ተራ የሚደለደለውም በዚሁ ነው። በሳምንቱ ዝቅተኛ ቁጥር ያስመዘገበ አዋቂ ነዋሪ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ያጥባል። ደንቡ ሲወጣ ፍትሐዊ ነው ተብሎ ብዙ ተመስግኖ ነበር።

ረውዳ እንድሪስ በከተማው ሁለተኛ የንባብ ጣቢያ አሥራ ሁለት ዓመት አንባቢ ሆና ሠርታለች። ወደ ጣቢያው የሚመጣው የቤቱ ሰሌዳ ያወጣለትን ቁጥር አልቀበልም ያለ ሰው ነው። የጣቢያው ሰሌዳ ትልቅ ነው፤ ሁለቱንም መዳፍና ሁለቱንም እግር ያነባል፤ የሱ ንባብ የቤቱን ይሽራል። ረውዳ ቁጥሩን አይታ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አንዱን ትናገራለች። ቁጥሩ ከፍ ካለ «ተመዝግቧል፤ በቀኝ በኩል ይለፉ» ትላለች። ዝቅ ካለ «ሰውነትዎ ጤነኛ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት» ትላለች። ይህን ሁለተኛውን በቀን እስከ አርባ ጊዜ ትለዋለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ በየዓመቱ ግምገማም በትሕትና አንደኛ ትወጣ ነበር።

አንዳንዱ ባለጉዳይ ደስ አይለውም። ይከራከራል፣ ያለቅሳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሦስቱንም ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር የወጣለት ሰው በመዝገቡ ላይ «አጋናኝ» የሚል ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ በኋላ ስለ ገዛ አካሉ የሚናገረው ነገር በየትኛውም መሥሪያ ቤት እንደ ቃል አይያዝለትም።

ከአጋናኞቹ ሁሉ በጣቢያው በደንብ የሚታወቁት ወይዘሮ አበዛሽ ነበሩ። ስድሳውን ያለፉ፣ ድሮ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት የኖሩ ሴት ናቸው። ማኅተሙ ካረፈባቸውም በኋላ በየሦስት ወሩ መምጣታቸውን አልተዉም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነጠላቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንቁላል ላይ የሚራመዱ ይመስል ቀስ እያሉ ይገባሉ። ንባባቸው አንድ ነው፤ አንዳንዴም ዜሮ። ሠራተኞቹ ገና ከበሩ ሲያዩዋቸው «አበዛሽ ዛሬም አበዛችው» ይባባላሉ። ረውዳ ሳቋን በመዳፏ ትሸፍን ነበር። ማኅተሙን ያሳረፈችባቸውም እሷ ናት፤ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት።

ሕመሙ ረውዳን የጀመራት በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ልጇ ሒክማ ስምንተኛ ክፍል በገባችበት መስከረም ነው። መጀመሪያ ትከሻዋን ነበር። አጉል ተኝቼ ነው ብላ ተወችው። ከሳምንት በኋላ ዳሌዋ ተጨመረ፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ የእጆቿ መገጣጠሚያ። ዘጠኝ ሰዓት ተኝታ ስትነሣ ድንጋይ ስትፈልጥ ያደረች ያህል ነው። የሒክማን ፀጉር ስትሠራ መሐል ላይ ክንዷ ይዝላል፤ ልጅቷ ግማሹን ተሠርታ ግማሹን በሻሽ ሸፍና ትምህርት ቤት የሄደችበት ቀን አለ። ቃላትም ይጠፏት ጀመር። ማንኪያ ልትል ፈልጋ «ያንን… የሚማሰልበትን አቀብይኝ» ትላለች፤ ሒክማ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ በኋላ ሳትስቅ ማቀበል ጀመረች።

በየጠዋቱ ግን የበሩ ሰሌዳ ዜሮ ይላል፤ ቢበዛ አንድ። አንድ ቀን ሁለት አለ። ረውዳ ደስ አላት። ለካ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላ ጫር አድርጓት ኖሯል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የቤቱን ሰሌዳ ነው። በምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን ትልቁ ሰሌዳ ላይ ወጣች። አንድ። ሰሌዳውን አጽድታ፣ በመመሪያው መሠረት አስተካክላ እንደገና ወጣች። አንድ። ቀጥሎ የጠረጠረችው ራሷን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ተሳስቶ አያውቅም እያለች ሰው ስትመልስ የኖረች ሴት፣ በእኔ ላይ ብቻ ተሳሳተ ለማለት ፊት አልነበራትም። ምናልባት ሰነፍኩ ይሆናል አለች። ምናልባት ምቀኛ ሆኜ የሌላውን ወንበር አምሮኝ ይሆናል አለች። ለአንድም ሰው ሳትናገር ሁለት ዓመት ቆየች።

የደረጃው ተራ በየሳምንቱ የሷ ሆነ፤ ከሕንፃው አዋቂዎች ሁሉ ዝቅተኛዋ እሷ ናትና። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲውን ከሞላች በኋላ ማንሳት አቅቷት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባሏ ይማም ቁርሱን ይበላ ነበር። የባቡር ሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው።

«ይማም፣ ዛሬ ደረጃውን አልችለውም።»

«ምን ሆነሽ?»

«ሰውነቴን። ሁሉንም።»

ይማም ወደ በሩ ዞር አለ። ሰሌዳው የጠዋቱን ንባብ ቀኑን ሙሉ ያሳያል። የሱ ሦስት፣ የሒክማ ዜሮ፣ የሷ ዜሮ።

«ዜሮ ነሽ እኮ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። የሚያየውን ነው የተናገረው።

«አውቃለሁ።»

«እኔ በሦስት ነው ሐዲድ ላይ የምውለው። ወገቤን።»

«አውቃለሁ ይማም።»

ጉርሻውን ይዞ ትንሽ አሰበ። ሊረዳት ፈልጎ ነበር፤ የሚረዳበትን ግን አላገኘም። «ድካም ይሆናል። አብሽሪ፣ ትንሽ ስትንቀሳቀሺበት ይለቅሻል» አለና ተነሥቶ ወጣ። ረውዳ አምስቱንም ፎቅ አጠበች። በማግስቱ እሑድ ከአልጋ አልወረደችም፤ ሰሌዳው አንድ አለ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ወይዘሮ አበዛሽ የሦስት ወር ቀናቸው ደርሶ ወደ ጣቢያው መጡ። ረውዳ ክንዳቸው ላይ የተንጠለጠለውን ነጠላ አየች። ዘጠኝ ዓመት አይታዋለች፤ ለምን እንደማይለብሱት ግን ጠይቃ አታውቅም። በዚያ ጠዋት እሷም ሻርፗን አንገቷ ላይ ማሳረፍ አቅቷት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነበር የመጣችው፤ ጨርቁ የነካት ቦታ ሁሉ እንደ ሳማ ያቃጥላት ነበር።

ሴትዮዋ ሰሌዳው ላይ ወጡ። አንድ።

ረውዳ የለመደችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። አልመጣላትም። ቃሉ ጠፍቷት ይሁን እንቢ ብሏት እሷም አላወቀችም። «አንድ ነዎት» ብቻ አለች።

ወይዘሮ አበዛሽ ወዲያው አልወረዱም። አቋቋሟን አዩ፤ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስታዛውር፣ አንድ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ስታስደግፍ አዩ። ከዚያ ወደሷ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ «አንቺንም ጀመረሽ?» አሏት።

«በግራ በኩል ይለፉ» አለች ረውዳ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወስዳ ቤታቸው ሄደች። ቤቱ ከአሮጌው የክር መጋዘን ጀርባ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። ወይዘሮ አበዛሽ በሩን ከፍተው ሲያዩዋት አልተገረሙም።

«እንኳን ደስ አለሽ ልትይኝ ከሆነ እዚያው ደጅ ሆነሽ በይኝ» አሉ።

«አይደለም እትዬ አበዛሽ።»

«እንግዲያው ግቢ። ከዚህ ወንበር ላይ አትቀመጪ፤ ይቆረቁርሻል። አልጋው ጫፍ ላይ ሁኚ።»

ተቀመጠች። ሴትዮዋ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረው ጨምቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት፤ ሳይጠይቋት፣ ከሚያማት ቦታ ላይ።

«እስቲ ንገሪኝ። እንዴት ነው የሚያደርግሽ?»

«እኔ እንጃ። ሰሌዳው አንድ…»

«ቁጥር አልጠየቅሁሽም። ይቆረጥምሻል? ይጠዘጥዝሻል? ይወጋሻል? ያነዝርሻል? ወይስ አጥንትሽን ከውስጥ ይበላሻል?»

ረውዳ እነዚህን ቃላት ልጅ ሆና ሰምታቸው ነበር። አንድ ባንድ አሰበቻቸው። «ትከሻዬን ይቆረጥመኛል» አለች ቀስ ብላ። «ዳሌዬን ይጠዘጥዘኛል። ቆዳዬን ደግሞ ያቃጥለኛል።» ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ሲያልቁ እንባዋ መጣ። ወይዘሮ አበዛሽ አላባበሏትም። ፎጣውን አንሥተው እንደገና ነከሩት።

«ስም አለው» አሉ። «ሰሌዳው ከመግባቱ በፊት እናቴን ደሴ ላይ አንድ ሐኪም ዓመት ሙሉ ሲመረምራት ቆይቶ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል ብሎ በወረቀት ጻፈላት። ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግን ወረቀቱን እንደ ክታብ ያዘችው። ደስ ያሰኛት መድኃኒቱ አይደለም፤ እሱስ ብዙም አላሻላት። ስም ያለው ነገር ስለሆነ ነው። ከዚያ ሰሌዳ መጣ። ሰሌዳ የሚያነበው ቁስል ነው፤ ያበጠ፣ የተሰበረ፣ የተቆረጠ። የኛ ቁስል የለውም። ሰሌዳው ያላገኘውን በሽታ ሁሉ ከዝርዝር አወጡት። አርባ አንድ በሽታ ነው በአንድ ጊዜ የወጣው። ሰዎቹ ግን አልወጡም፤ እዚሁ ነን።»

«ይድናል?»

«አይድንም። ይገራል።» ጣታቸውን እያጠፉ ሳይሆን ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነገሯት። በየቀኑ መራመድ እንዳለባት፤ ሲያማት ጭራሽ እንዳትተኛ፣ ሲሻላትም እንዳትሮጥ። «ደህና ቀን ሲመጣልሽ አሟጠሽ አትጨርሺው። ግማሹን ለነገ አሳድሪው። እኛን የሚገድለን ደህናው ቀን ነው፤ ያንን ቀን አገኘን ብለን ቤቱን ሁሉ ገልብጠን እናጸዳና ሳምንት እንወድቃለን።» በአንድ ሰዓት ተኝታ በአንድ ሰዓት እንድትነሣ ነገሯት። እንቅልፉን የሚያጠልቅ፣ በትንሹ የሚወሰድ ክኒን እንደነበረ፣ አሁን ግን ለዜሮ እንደማይታዘዝ ነገሯት። «ከሁሉም የሚሻለው ፍል ውሃው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፍል ውሃው ደግሞ ለአራትና ከዚያ በላይ ነው።»

ፎጣውን ጨምቀው ትከሻዋ ላይ መለሱት።

«የእጅ ምዝገባ የሚባል ነገር አለ አይደል?» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። «ጎረቤቴ እጁ ተቃጥሎ ሰሌዳው አላነብ ሲለው፣ አንቺው ነሽ ቁጥሩን በእጅሽ የጻፍሽለት።»

ረውዳ ፎጣውን ከትከሻዋ አወረደች። «ይህን እንዳልሰማሁት ይቁጠሩት።»

«እኔ አንዴ ጠየቅሁሽ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም። እንደኔ ያሉ ሌሎች ስድስት ሴቶች አሉ። ስማቸውን ከፈለግሽ እነግርሻለሁ።»

ረውዳ ስማቸውን ሳትቀበል ወጣች። መራመዱን ግን ጀመረች። ከሥራ መልስ በወንዙ ዳር፣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አሥራ አምስት። ጠዋት ጠዋት የጣቶቿ መገተር ትንሽ ላላ አለላት። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እንደ ወትሮው ደረጃውን ልታጥብ ወጣች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ እጇ መወልወያውን ለቀቀው፤ እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የአራተኛው ፎቅ ጎረቤቷ አቶ ሙሉዓለም ሲወርድ አገኛት። የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ወደ ውስጥ በቅሎበት አራት ሆኗል፤ ለአንድ ወር ከጽዳትም ከመቆምም ነፃ ነው።

«ቀስ ብለሽ፣ ያዳልጣል» አላት በአዘኔታ፤ ግድግዳውን ይዞ ዘሏት ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ረውዳ ስድስቱን ስም ከወይዘሮ አበዛሽ ተቀበለች። ስምንት ሰው መዘገበች፤ ስምንተኛዋ ራሷ ናት። ቁጥር በሚለው ቦታ አምስት፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «መዳፍ አልተነበበም» ብላ ጻፈች። እንደ ማንኛውም ቀን ቅጽ ሞላችው። የገረማት ይኸው ነበር።

ፍል ውሃው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሄዱ ነበር። ስምንቱም ሴቶች በድንጋይ በታጠረው ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው ይቀመጣሉ። አንዷ ሻይ ቤት ነበራት፤ አንዷ አስተማሪ ነበረች፤ አንዷ ከሃያ አምስት አይበልጣትም፣ ከወለደች በኋላ የጀመራት ነው። በመጀመሪያው ቀን ማንም ብዙ አላወራም። በሁለተኛው ሳምንት ማውራት ጀመሩ። እርስ በርስ «እንዴት አደረገሽ?» ሲባባሉ ቁጥር አይጠሩም። አስተማሪዋ ደህና የዋለች ቀን ባሏ «ታዲያ ትናንት ምን ሆነሽ ነበር?» እንደሚላት ስትናገር ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ረውዳ ተኝታ ስትነሣ የተኛች መሰላት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። ሕመሙ አልሄደም፣ ግን ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የሒክማን ፀጉር ከዳር እስከ ዳር ሠራችላት። ማንኪያን ማንኪያ አለች።

ሌላም ነገር ተለወጠ። የጣቢያ ንባብ የቤቱን ስለሚሽር በሩ ላይ ከስሟ አጠገብ አምስት ይበራ ጀመር። ይማም የመጀመሪያ ቀን ሲያየው ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቆመ።

«አምስት ነሽ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር።»

አልሰማትም፤ ወንበር ሊያመጣላት ሄዶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ማቅረብ የሱ ሆነ። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ትራሷን ያስተካክላል፣ ማታ እግሯን በቅባት ያሻል። ሒክማን «እናትሽ አምስት ናት፣ አታስነሻት» ሲል ትሰማው ነበር። እጁ ለስላሳ ነበር፤ ሐዲድ የሚጠግን እጅ እንዲህ መለስለስ እንደሚችል ሃያ ዓመት አብራው ኖራ አላወቀችም። እግሯን ሲያሽላት ዓይኗን ትጨፍናለች። እያሻሸ ያለው እሷን ሳይሆን አምስትን እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም እግሯን አልሰበሰበችም።

የተያዙት በጥቆማ አይደለም። አምስት የተባለ ሰው ሰባት ሳምንት ሙሉ ካልቀነሰ ወይም ካልጨመረ መዝገቡ በራሱ ጥያቄ ያነሣል፤ ቁስል ወይ ይድናል ወይ ይብሳል እንጂ ባለበት አይቆምም። ስምንት ሰው፣ ሁሉም አምስት፣ ሁሉም በእጅ የተመዘገበ፣ ሁሉም በአንድ እጅ። በስምንተኛው ሳምንት የጣቢያው ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ረውዳን ወደ ቢሮው ጠራት። ጡረታ ሊወጣ ዓመት የቀረው፣ ሰሌዳው ከመግባቱ በፊት ነርስ የነበረ ሰው ነው።

በሩን ራሱ ዘጋና «ተቀመጪ» አላት። «ሁሉንም አውቀናል። ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ ልስማሽ።»

«ያመናል» አለች ረውዳ። «ቁጥሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሕመሙን ግን አልፈጠርኩትም።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽሩን አወለቀ። «ነርስ ሆኜ እንዳንቺ ያሉ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ። ሲገቡ አረማመዳቸውን አይቼ አውቃቸው ነበር። አምንሻለሁ።»

ረውዳ ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ እንደተመኘች ታውቃለች። «እንግዲያው ይጻፉት» አለች።

«የት ላይ?» ቅጹን ወደሷ አዙሮ ገፋው። ቀን የሚል ቦታ አለ። ቁጥር፣ የአንባቢ ስም፣ ፊርማ። «እኔ ባምንሽ ምን ይሠራልሻል? አየሽ፣ ቦታ የለውም። ቦታ ያለው ይሄኛው ነው።» ሌላ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ። «ሴቶቹ መዳፋቸውን ቅባት ቀብተው አሳስተውኛል ብለሽ ፈርሚ። ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል፣ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ። እነሱ ፍል ውሃው ይቀርባቸዋል፤ ያው ድሮም አልነበራቸውም።»

ረውዳ ወረቀቱን አልነካችውም። «ሴቶቹን ጠየቃችኋቸው?»

አቶ ልሳነወርቅ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ አንድ የተፈረመበት ገጽ ከክምሩ ሳበና አሳያት። ጽሑፉ አጭር ነው። አንባቢዋ ሳትጠየቅ፣ በራሷ ፈቃድ ስማቸውን እንደመዘገበች፣ እሳቸው ግን ንባባቸው አንድ መሆኑን እንደሚያውቁና ጤነኛ እንደሆኑ ይናገራል። ከሥሩ «አበዛሽ» የሚል ፊርማ አለ።

ረውዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እቆጣለሁ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣው ግን ዘገየባት።

«በምን ለወጡት?» አለች።

«ማኅተሙ እንዲነሣላቸው።»

«ተነሣላቸው?»

«ትናንት ተነሣ።»

ረውዳ መስኮቱን አየች። ማኅተሙን ያሳረፈችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ አንዳችም ነገር አልመጣላትም። ተራ ቀን ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምሳ በልታ ይሆናል። «ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር» አለች።

«ትፈርሚያለሽ?»

ብዕሩን ተቀበለችው። መፈረሚያው መስመር ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ጠርዝ፣ ባዶው ቦታ ላይ ጻፈች፦ «ትከሻዬን ይቆረጥመኛል። ዳሌዬን ይጠዘጥዘኛል። ቆዳዬን ያቃጥለኛል። ረውዳ እንድሪስ።» ጀግንነት አልተሰማትም። የተሰማት ድካም ነው፤ ሌላ ውሸት ለመሸከም አቅም አልነበራትም።

አቶ ልሳነወርቅ አነበበው። ነርስ የነበረው ሰው ፊቱ ላይ ለአንድ አፍታ ታየና ሄደ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መዝገቧ ውስጥ አስገባ፤ መሳቢያውን ከፈተ፤ ማኅተሙን አወጣ። በሕጉ ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ በገዛ እጇ ስለጻፈች ግን አንዱ በቂ ነበር።

ቤት ስትደርስ በሩ ላይ ከስሟ አጠገብ ዜሮ ይበራ ነበር። ይማም ቀድሟት ገብቷል። ሁሉንም ነገረችው፤ ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ ማኅተሙ። ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ እጆቹን አየ፤ ቅባት የሚቀባባቸውን እጆች።

«እና አላመመሽም ነበር» አለ።

«አሞኝ ነበር። አሁንም ያመኛል። ውሸቱ ቁጥሩ ነው።»

«አምስት ነኝ ስትዪኝ አምኜሻለሁ።»

«ከዚያ በፊት ያመኛል ስልህስ?»

ይማም መልስ ፈለገ። በእውነት ፈለገ፤ ግንባሩ ሲኮማተር አየችው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ሊይዛቸው ሞከረ፤ የዋሸች ሚስትና የሚያማት ሚስት። አልተያዙለትም፤ አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይወድቅበታል። «እኔ አሁን በምን ልወቅ?» አለ በመጨረሻ። የሚጠይቃት እሷን ነበር። ሒክማ ከውስጥ ሆና ትሰማ ነበር፤ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ ይማም አልተጣላትም፤ ክፉ ቃልም አልተናገራትም። ቅባቱን መደርደሪያው ላይ መለሰ፤ ሁለተኛ አላወረደውም።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ረውዳ በወንዙ ዳር ልትራመድ ወጣች። ሥራ ስለሌላት ሰዓቱን የምትመርጠው እሷ ናት። ፍል ውሃው ከቀረ ወዲህ ሰውነቷ ወደ ድሮው እየተመለሰ ነው፤ ዳሌዋ ከሁሉ ብሶባታል። ጥቂት እንደሄደች ከፊቷ አንዲት ሴት በዚያው አቅጣጫ ሲራመዱ አየች። ነጠላው ክንዳቸው ላይ ነው።

ቆም ልትል አሰበች። መቆም ግን ከመራመድ ይበልጥ ያማታል። ወይዘሮ አበዛሽ ኮቴዋን ሰምተው ዞሩ፤ አወቋት፤ እሳቸውም ሊፈጥኑ ሞክረው ሁለት እርምጃ እንኳ አልሆነላቸውም። ረውዳ ደረሰችባቸው።

«ይቅርታ አልልሽም» አሉ ሴትዮዋ ወደ ፊት እያዩ።

«አልጠየቅሁዎትም።»

«ትናንት ጣቢያ ሄጄ ነበር። ማኅተም የለብኝም፤ እንደ ሰው ተራ ያዝኩ። ያቺ አዲሷ ልጅ አነበበችኝ።»

«ስንት አሉ?»

«አንድ።»

ረውዳ ቀድማቸው ልትሄድ ፈለገች፤ እሳቸውም ወደኋላ ቀርተው ሊያሳልፏት ፈለጉ። አንዳቸውም ከሌላው ፈጥነው ወይም ዘግይተው ለመራቅ አቅሙ ስላልነበራቸው፣ ጎን ለጎን ሄዱ።